የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» አለች። ከእግሯ ሥር የነበረችው የሦስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ (ሚጣ ነው የምንላት) አባባሉን ለቀም አደረገችው። ከበዓሉ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ ከእንጀራው ላይ ያለውን ጎመን በጣቷ እየገፋች «ጎመን ውጣ! ጎመን ውጣ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ውድ አንባብያን፣ ልጅ አትክልት እምቢ ሲል ጥፋቱን የምንጥለው በልጁ ላይ ነው። «አመለኛ ነው፣ አልበላ አለኝ» እንላለን። እርግጥ ነው ልጆች ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ የማያውቁትን ምግብ መፍራታቸው፣ መረር ያለ ነገር መሸሻቸው ተፈጥሯዊ ነው። ፍርሃቱን ወደ ጥላቻ የምንለውጠው ግን እኛ ትልልቆቹ ነን ባይ ነኝ።

አባባሉ ከችግር የመጣ ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ብዙ ቤተሰብ መስከረምን ያየው በጓሮ ጎመን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው ውጣ ቢለው አይፈረድበትም። እኛ ግን ችግሩን ሳናውቀው ንቀቱን ብቻ ወረስን። «ጎመን በጤና» ስንልም እኮ ጎመኑን እያመሰገንን አይደለም፤ ሥጋ ላጣ ሰው ማጽናኛ ነው። እስቲ ጎመን በሥጋ ሲቀርብ እጃችን መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እንታዘብ። ልጅ ደግሞ ከምንነግረው ይልቅ እጃችንን ነው የሚያየው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ የምግብ ዓይነት ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው ቃል ኪዳን በክልላችን በምትገኘው በሰቆጣ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

«ለብዙው ቤተሰብ ጥያቄው ልጁ መውደዱ ሳይሆን የሚበላው ማግኘቱ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ አልከራከርም። የእኛን ቤት ግን ምን እንበለው? ሐይቁ ዳር ነን። እሾሁ ተለቅሞ ለልጅ የሚሆን ቆሮሶ ይገኛል፤ ማንጎና ፓፓያ በየመንገዱ አለ፤ ዱባና ጎመን ገበያው ውስጥ አለ። ሚጣ ግን የምትውለው በሻይና በብስኩት ነበር። ሻይ ከምግብ ጋር ሲሰጥ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት እንደሚቀንስ በክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተናም ወስጄበታለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ሻዩን የማቀርብላት እኔው ነበርኩ!

እህቴ ሥራ ስለምትውል ምሳዋን የማበላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ በግድ ጋትኳት። አስመለሳት። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ነገር ስታይ ከንፈሯን ግጥም ማድረግ ጀመረች። ቀጥዬ «ጎመኑን ከበላሽ ብስኩት እሰጥሻለሁ» አልኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ፤ ጎመን ቅጣት፣ ብስኩት ሽልማት መሆኑን በራሴ አፍ አስተማርኳት። እናቴ ታዝባኝ «ተዋት አንተ፣ ልጅ ሲርበው ይበላል» አለችኝ። ግማሹ ልክ ነበር።

አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ሁለት ጊዜ ሞክረን «አትወድም» ብለን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ዘዴውን ቀየርን። ለብቻዋ በሳህን ማቅረቡን ትተን ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጥናት። ጎመኑ ደቆ ተከትፎ በትንሽ ዘይት ተሠራ፤ ዘይቱ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት እንዲገባም ይረዳል፤ ቫይታሚኑ ሲጎድል ደግሞ ዳፍንት ይመጣል። ብዪ የሚላት የለም። እኔም (ከልቤ ባልሆንም) እየጎረስኩ «ይጣፍጣል» እላለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከእኔ በኩል ቆንጥራ አፏ ውስጥ ከተተች። ማንም አላጨበጨበም፣ ተመካክረን ነበር።

ሌላም ላንሣ። ሁዳዴ ሲገባ ሕፃን እንደማይጾም እናቶች ያውቃሉ፤ ግን ድስቱ እንዳይነካካ ሲባል በብዙ ቤት የልጁም እንቁላል 55 ቀን ይቀራል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ሽሮና አትክልት ላይ ይወድቃል። አትክልቱን እንዲጠላ አድርገን ካሳደግነው ምን ቀረለት? እህቴ ዘንድሮ ለሚጣ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ገዝታለች።

እናቴ ለመጪው እንቁጣጣሽ አባባሏን እንድትተው ጠይቄያት «የአያቶቼን ቃል አንተ ልትሽረው ነው?» ብላ ተቆጥታኛለች። ዱባ ወጥ ያለ ችግር ገብቷል፣ ጣፋጭ ስለሆነ ይመስለኛል። ካሮት ግን አሁንም እምቢ ብላለች፤ ዘጠነኛው ሙከራ ላይ ነን።