ማስታወቂያ እቅድ አይደለም

ችግር በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያወጡት ማስታወቂያ ነው፦ «ጥሪው ተራዝሟል»፣ «በቀጣይ እናሳውቃለን»። እቅዱስ የት አለ?

ነሐሴ 2013 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ ዩኒቨርሲቲዋ ተዘረፈ። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ዕጣ ያው ሆነ። በመካከሉ ከሁለት ወር በላይ ነበር። አደጋ ሁልጊዜ ድንገት አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ መንገዱን እያሳየ ነው የሚመጣው። ከዝርፊያ በኋላ የሚቋቋም ኮሚቴ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። የተማሪ ጥሪ የሚወጣው ግን በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። የሰከላ ገበሬ ልጅ በምን ይስማው? ሳይሰማ የቀረ ተማሪ «በሰዓቱ አልተመዘገበም» ቢባል ጥፋቱ የማን ነው?

ቡሬን እዩ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስዳል። ሁሉም ሲዘጋ ከሩቅ ክልል የመጣ ተማሪ የት ይሂድ? በዚያ ቀን «ግቢውን ልቀቁ» ማለት ተማሪን ማዳን ሳይሆን ኃላፊነትን ከበር ውጭ መጣል ነው።

«በጦርነት መሀል እቅድ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። እቅድ መድፍ አያቆምም፤ እውነት ነው። የተማሪ ውጤት ግን ከግቢው ውጭ ሌላ ቅጂ ካለው ሕንፃው ቢቃጠልም አይጠፋም። ይህ ደግሞ የበጀት ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቦርድ አራት ነገር በጽሑፍ ይመልስ፦

1. የተማሪዎች መዝገብ ቅጂ ከግቢው ውጭ የት ተቀምጧል?
2. መንገድ ቢዘጋ መጋዘኑ ውስጥ ያለው እህል፣ መድኃኒትና ነዳጅ ለስንት ቀን ይበቃል?
3. ኢንተርኔት ቢጠፋ ጥሪው በሬዲዮና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲደርስ ማን ኃላፊ ነው?
4. ግቢው ቢዘጋ ተማሪው ትምህርቱን የሚጨርሰው በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው? ስምምነቱስ ተፈርሟል?

ገበሬው ለክረምት የሚሆነውን ማገዶ በበጋ ይሰበስባል። ዶክተርና ፕሮፌሰር የሞላበት ተቋም ይህን ማድረግ ካቃተው፣ ልጁን አደራ ብሎ የላከ ወላጅ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለው። ጠይቁ።