ምዕራፍ አራትን ማን ጻፈው?

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ባሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ግድግዳ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ እንሠራለን» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ ተማሪ የለም። የሞላውን መጠይቅ ሰብስበን እንወስድላቸዋለን፤ እነርሱም በሁለት ቀን ምዕራፍ አራትን ጨርሰው ያስረክቡናል። ነቀፌታዬ በእነርሱ ላይ አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። የሚያሳፍረው፣ ፈታኙ «ይህ ቁጥር ከምን መጣ?» ብሎ ሲጠይቀን ጣሪያ ጣሪያውን የምናየው እኛ ነን።

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን ፕሮግራም ማዘዝ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ፕሮግራሙ ግን ለተሳሳተውም ጥያቄ ለትክክለኛው እንደሚመልሰው ሁሉ ባማረ ሠንጠረዥ ይመልሳል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ሲሆን የኦሮሚያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ነበር። ድልድሉ በሕዝብ ብዛት ልክ ቢሆን ኖሮ ለሐረሪ የሚደርሱት አርባ ያህል ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ በአርባ ሰው ደግሞ ስለ አንድ ክልል ምን ይባላል? ስለዚህ ሆን ተብሎ ከድርሻቸው በላይ ብዙ ሴቶች ተጠየቁ። ይህን የሚያቃናው ክብደት በፋይሉ ውስጥ ቪ005 በሚል ስም ተቀምጧል፤ በአንድ ሚሊዮን ተካፍሎ ይሠራበታል። ይህን ሳያውቅ ቁልፉን የተጫነ ሰው የሐረርን ኑሮ ከልኩ በላይ አብዝቶ «የኢትዮጵያ ሴቶች ኑሮ» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ተከታዩም ይጠቅሰዋል።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። በቆጠራዎቻችን ሠንጠረዥ በ30፣ በ35 እና በ40 ዓመት ላይ የሰው ብዛት እንደ ጉብታ ከፍ ይላል፤ በ31 እና በ39 ላይ ይጎድላል። አንዲት የገጠር እናት «ሠላሳ ሳይሆነኝ አይቀርም» ስትል መዝጋቢው 30 ብሎ ይጽፋላ! ይህን የሚያውቀው መጠይቁን ይዞ በፀሐይ ደጅ ለደጅ የዞረው ተማሪ እንጂ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ማታ አንድ የመማሪያ ክፍል እንዲያስከፍትልን እጠይቃለሁ። ለመነሻ ሃያ መጠይቅ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃናል። አማካዩን፣ መቶኛውንና ክብደቱን በእጃችን አውጥተን፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የሚመልሰውን ከእኛው ጋር እናመሳክር።