ሽምግልና የበላው ሦስት ወር

ሰሞኑን ማራኪ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከሆቴል ሥራው የተባረረ የአንድ ወጣት ነገር ተነሳ። ሰፈሩ የሚያከብራቸው አንድ አባት «ያበላህን ሰው ፍርድ ቤት ማቆም ነውር ነው፤ በሽማግሌ ያልቃል» ብለው ዘጉት። የተቀመጠው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እውነት አይደለም!

ማን ነው ማንን ያበላው? ያ ልጅ ሰባት ዓመት ትሪ ተሸክሟል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ ሌሊቱን ቆሞ አድሯል። የበላው ላቡን ነው። እንግዳ ሲጠፋ ያለ ማስጠንቀቂያ ማባረር ነውር ሳይባል፣ «ሕግ ይዳኘኝ» ማለት እንዴት ነውር ይሆናል?

ሽምግልና ደም ያደርቃል፣ ትዳር ይመልሳል፤ አከብረዋለሁ። እዚህ ላይ ግን የሠራተኛውን ቀን ይበላበታል። ሽማግሌ የሚላከው እሑድ ነው። በመጀመሪያው እሑድ አሠሪው «አስብበታለሁ» ይላል። በሁለተኛው አዲስ አበባ ሄዷል ይባላል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ፋሲካን አይጠብቅም። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይርጋውን ክስ ያቋርጠዋል፤ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማመልከትም፣ አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ማመኑም ያቋርጡታል። «አስብበታለሁ» ማመን አይደለም። አሠሪው ይህን ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹን በቡና የሚያስተናግደውም ስለሚያውቅ ነው።

የሚጠፋው ገንዘብ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሰባት ዓመት ላገለገለ ሰው የስንብት ክፍያው የሦስት ወር ደመወዝ ያህል ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነና ወደ ሥራው ካልተመለሰ፣ በዚያ ላይ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ ይጨመርለታል። በሽማግሌ ፊት ግን «የአንድ ወር ተቀብለህ ተመርቀህ ውጣ» ይባላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከሥራ ሲቀነሱ ለመንግሥት ያመለክታሉ፣ የሥራ አጥ አበል ቢከለከሉ ይግባኝ ይላሉ። እኛ ዘንድ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ለጡረታ ነው፤ ሥራ ላጣ ሰው አበል የለም። ለዚህ ልጅ የቤት ኪራዩም የእናቱ መድኃኒትም ያ የስንብት ገንዘብ ነው። እሱን «ይቅር በለው» ማለት የሌላውን እንጀራ መመጽወት ነው።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ያው ምክር ተመልሶ ይመጣል፤ «ተረትተሃል፣ ይብቃህ» ይሉታል። ይግባኝ የሚጠየቀው ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ያም በምክር ያልፋል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ የሚነግረው ሽማግሌ ግን አላየሁም።

አባቶቼ፣ ማስታረቅ ከፈለጋችሁ ልጁ መጀመሪያ መዝገብ ያስከፍት። ከ1958 ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ክሱ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን እንዲታረቁ፣ እርቁንም በፍርድ ቤት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። አሠሪው እርቁን ከልቡ የሚፈልግ ከሆነ መዝገብ መከፈቱ አያስፈራውም። አንተም ሥራ ያጣኸው ወንድሜ፣ የስንብት ደብዳቤው የደረሰህን ቀን ጽፈህ ያዝ፤ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ክስህን አስገባ።