የጋራ መኖሪያ ቤትና የወለድ ጥያቄ፦ አማራጩ ከምዝገባው ይጀምር

ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ የሚዘልቀው የወንዝ ዳርቻ ልማት ከኮሪደር ልማቱ ጋር ተዳምሮ የአዲስ አበባን ገጽታ እየቀየረ ነው። ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ከተማዋን የሚያይ ሰው ለውጡን አያጣውም። ቤታቸው በልማቱ የሚነሳ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንዲመርጡ ይደረጋል። ኮንዶሚኒየም የሚመርጥ ሙስሊም ቤተሰብ ግን ከዋጋው ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ውሉ ላይ ያለው ወለድስ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ20/80 መርሃ ግብር ነዋሪው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪው 80 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት የባንክ ብድር ነው። በ2005 በንግድ ባንክ በኩል ምዝገባው ሲካሄድ ለስቱዲዮ በወር 151፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር መቆጠብ ይጠበቅ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎትን በ2004 ቢፈቅድም፣ ንግድ ባንክ አገልግሎቱን የጀመረው በ2006 ነው። እቅዱ የተነደፈው አማራጩ ሳይኖር ነው ማለት ነው። በሱረቱል በቀራ የተደነገገውን የወለድ ክልከላ አስበው ከምዝገባው የቀሩ ወገኖቻችን አሉ። እየከበዳቸው የተመዘገቡም አሉ።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከወለድ ነጻ መስኮት ያላቸው ባንኮች ብዙ ናቸው፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራም ተከትሏል። ስለዚህ እንቅፋቱ የባንክ እጦት አይደለም፤ የውሉ አሠራር ነው።

በሙራበሃ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም። ቤቱን ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ትርፉን በግልጽ አሳውቆ ለነዋሪው በክፍያ ይሸጣል። የተስማሙበት ዋጋ ክፍያው በመዘግየቱ አይጨምርም። ለዚህ ግን ባንኩ ቤቱን በእርግጥ የራሱ ማድረግ አለበት። የኮንዶሚኒየም ውል የተቀረጸው ደግሞ ከተማው ሻጭ፣ ባንኩ አበዳሪ ሆኖ ነው። ባንኩ በመካከል ይግዛ ከተባለ ስም ማዛወሩ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ክፍያውም ሁለት ጊዜ እንዳይጠየቅ ያሰጋል። ሙስሊሙ አናሳ በሆነባት ብሪታንያ ይኸው ችግር ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ድርብ ታክሱ እንዲቀር ተደርጓል።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተመዝጋቢው ከወለድ ነጻ አማራጭን ገና በምዝገባው ቀን ይምረጥ፤ ቁጠባውም ከወለድ ነጻ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከተማው፣ ባንኩና ነዋሪው የሚፈራረሙበት የሦስትዮሽ ውል ይዘጋጅ፤ በመካከል ያለው ዝውውርም ከተጨማሪ ክፍያ ነጻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለልማት ተነሺዎች መረጃው ምትክ ቤት ከመምረጣቸው በፊት ይሰጥ። ቤቱ ፈርሶ ጊዜያዊ ማረፊያ የሚፈልግ ሰው ውሉን አገላብጦ ለመመርመር ፋታ የለውም።

ሐቁን እንናገር፦ ሐላል መሆን ብቻውን ቤቱን ርካሽ አያደርገውም። የሙራበሃ ትርፍ ከወለዱ እኩል ሊሆን ይችላል። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርድ እናት 20 በመቶውን ከየት ታመጣለች? ለእርሷ የሚሆነው በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት ነው። እዚህ ላይ ባለሀብቶቻችንም ድርሻ አላቸው። በወቅፍ የሚሠራ የኪራይ ቤት ለኡማው አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የቆየ የሰደቃ በር ነው።

ጥያቄያችን የተለየ ጥቅም አይደለም። ለጎረቤቶቻችን ክፍት የሆነው በር፣ እምነታችንን ደጅ ሳናስቀምጥ ለእኛም ይከፈት ነው የምንለው። ወላሁ አዕለም።