በውርጭ የተመዘነ ተክል በነሐሴ ፀሐይ

በእስራኤል፣ በፔታ ቲቅቫ ከተማ ለአበባ መደብ ቋሚ ተክል ሲመረጥ በተለምዶ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ቦታው ፀሐያማ ነው ወይስ ጥላ? ተክሉስ ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም? የሁለቱም መልስ ከችግኙ ጋር በምትሸጠው ካርድ ላይ ይነበባል፤ ለፀሐይ ነጭ ክብ፣ ለጥላ የጠቆረ ክብ፣ ከጎኑም ተክሉ የሚችለው የብርድ መጠን። ገዢው ካርዷን አይቶ ይከፍልና ፋሲካ ሰሞን ይተክላል። ነሐሴ ሲደርስ ግማሹ ደርቋል። ከዚያ «ቋሚ ተክል እዚህ አገር አይሆንም» ይባልና ቦታው በዕብራይስጥ ፒርሔይ ኦና በሚባሉት የወቅት አበቦች ይሸፈናል። ፔቱኒያውና ፓንሲው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነቀለ በሌላ ይተካል። ተክሉ ግን ምንም አላጠፋም፤ የተሳሳተው አመራረጡ ነው።

የጥንካሬው መለኪያ የወጣው ክረምቱ በረዶ ከሆነበት አገር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1960 አውጥቶ እስከ 2023 ድረስ ደጋግሞ ያሻሻለው የቀጣና ካርታ አገሩን የሚከፋፍለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ሌሊት የሙቀት መጠን አማካይ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ደረጃም ከኤች 1 እስከ ኤች 7 የሚለካው ብርድን ነው። ተክል የሚገድለው ጥር በሆነበት በቺካጎ ወይም በኤድንብራ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፔታ ቲቅቫ ግን በባሕር ጠረፉ ሜዳ ላይ ያለች፣ ውርጭ ከስንት አንዴ የሚነካት ከተማ ናት። ዝናቧ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ጠብ የሚል ነገር የለም። የቀኑ ሙቀት ለወራት ከ30 ዲግሪ አይወርድም፤ ሻራቭ የሚባለው ደረቅ የበረሃ ነፋስ ሲነሣማ ቅጠል በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ስለዚህ ተክሉ ማለፍ ያለበት ፈተና አራትና አምስት ወር ያለ ዝናብ መቆየት ነው፤ ካርዷ ደግሞ ስለዚህ ምንም አትልም። የአሜሪካ አትክልተኞች ማኅበር ጉድለቱ ገብቶት እ.ኤ.አ. በ1997 ከ30 ዲግሪ የሚያልፉ ቀናትን የሚቆጥር የሙቀት ካርታ አሳትሞ ነበር። በካርዶች ላይ ግን እምብዛም አይታይም።

ብርድ መቻል እንዲያውም አንዳንዴ ጉዳት ነው። ፒዮኒ ለሳምንታት ካልበረደው አያብብም። ሆስታ በክረምት በደንብ ካልተኛ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። አስቲልቤና ዴልፊኒየምም ቀዝቃዛና እርጥብ በጋ የለመዱ ናቸው። በእንግሊዝ መጻሕፍት የጠንካሮች ጠንካራ እየተባሉ የሚወደሱት እነዚህ አራቱ፣ በፔታ ቲቅቫ ሜዳ ላይ ከደካሞቹ ይቆጠራሉ።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ፀሐይንና ጥላን የማይለወጥ የቦታ ጠባይ አድርጎ መውሰድ ነው። ፔታ ቲቅቫ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 32 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 81 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ከ34 ዲግሪ ብዙም አታልፍም። ቁጥሩ ወደ ግቢ ሲመለስ ትርጉም ያገኛል። ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ ባለ 4 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በታኅሣሥ ቀትር ወደ ሰሜን 17 ሜትር ተኩል የሚደርስ ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ቀትር የዚያው ሕንፃ ጥላ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከሕንፃው በስተ ሰሜን 5 ሜትር ርቆ የተሠራ መደብ በዝናቡ ወራት ጨለማና ጭቃ፣ በድርቁ ወራት ደግሞ በቀትር ፀሐይ የሚጠበስ ነው። «ግማሽ ጥላ» የምትለዋ ካርድ በአማካይ ልክ ልትሆን ትችላለች፤ ተክል ግን በአማካይ አይኖርም። ቅጠሉ በሚረግፍ ዛፍ ሥር ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ በክረምት ብርሃን፣ በሙቀቱ ጊዜ ጥላ ይሆናል። ሁለቱ ቦታዎች በካርድ አንድ ስም ቢኖራቸውም አንድ ተክል ለሁለቱ አይስማማም።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ልምድም ሳይታረም እዚህ አይሠራም። በጎንደር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ቀትር ላይ ብርሃን ያገኛል፣ የክረምቱ ደመናም ያበርድለታል። በፔታ ቲቅቫ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ናት፤ ሰሜናዊውን ግድግዳ የምታገኘው ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በጠዋትና ወደ ማታ ብቻ ነው። ወራቱም እንዲሁ ተገለባብጠዋል። ሰኔ በጎንደር የችግኝ መትከያ ነው፤ በፔታ ቲቅቫ የችግኝ መቅበሪያ።

የፋሲካ ሰሞን ተከላም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሚሽተላ በሚባሉት የችግኝ መሸጫዎች ገበያው የሚደራው በጸደይ ነው፤ ያኔ ችግኙ አብቦ ስለሚታይ ዓይን ይስባል። ግን በሚያዝያ የተተከለ ቋሚ ተክል ሥሩን ጥልቅ ሳያወርድ ሙቀቱ ይደርስበታል፤ እስከ መስከረም ድረስም በሰው እጅ ውኃ ብቻ ይኖራል። በጥቅምትና በኅዳር የተተከለው ግን አፈሩ ገና ሙቅ ሳለ ዝናብ ይጀምርለታል፤ አምስት ወር ሙሉ ከላይ ብዙም ሳያድግ ከታች ሥር ይሰድዳል። በጥቅምት ሚሽተላ ላይ ያለው ችግኝ ያው የተጎሳቆለ፣ አበባ የሌለው ነው። መገዛት ያለበት ግን እሱ ነው።

ለፀሐያማው መደብ ተክል ሲመረጥ ከካርዷ ይልቅ ቅጠሉ ይናገራል። ድርቅ የለመደ ተክል ቅጠሉ ጠባብ፣ ወይም ግራጫና ጠጉራም፣ ወይም በሰም የተቀባ፣ ወይም ወፈር ያለ ነው። በኢትዮጵያ የጥብስ ቅጠል የሚባለው ሮዝሜሪ፣ ላቬንደር፣ በአካባቢው ኮረብታዎች የሚበቅለው ማርቫ (ሴጅ)፣ ዘአታርም ሁሉም ይህን ምልክት ይዘዋል። ዘአታር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የዱር ተክል ስለሆነ ለግቢ የሚገዛው ከሚሽተላ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሊታይ የሚገባው ጤና አዳም ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለቡናው ሲል በረንዳ ላይ በጣሳ ያሳድገዋል፤ የግቢው አትክልተኛ ግን እንደ ጌጥ ተክል አይቆጥረውም። የሜዲትራኒያን ዳርቻ የትውልድ አገሩ ነው፤ ሰማያዊ የሚመታው ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ በጸደይ ቢጫ ያብባል፣ ሥር ከሰደደ በኋላም የሙቀቱን ወራት በትንሽ ውኃ ያልፋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ቆዳውን ያቆስላል፤ ስለዚህ ከልጆች መተላለፊያ ራቅ አድርጎ መትከል፣ ሲገረዝም ጓንት አድርጎ ወደ ማታ መግረዝ ይበጃል። ጦስኝ በአንጻሩ የናፍቆት ምርጫ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ደጋ ተክል እንደመሆኑ የጠረፉ ወበቅ አገሩ አይደለም።

ጥላውን በተመለከተ የተለመደው ምክር የባሰ ድፍን ነው። ጥላ ሁለት ዓይነት ነው፤ እርጥብና ደረቅ። ለመለየት ከጽሑፍ ይልቅ በነሐሴ ውኃ ባልጠጣ ቦታ አንድ አካፋ አፈር መገልበጥ ይሻላል። በኢትዮጵያ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ በደጋው ጅረት ዳር፣ እርጥበት በማይለየው ጥላ ውስጥ የሚበቅል ቋሚ ተክል ነው፤ በእንግሊዝ አትክልተኞች ዘንድም ለነጭ አበባው ይወደዳል። «የጥላ ተክል ነው» ተብሎ በፔታ ቲቅቫ ፊከስ ሥር ቢተከል ግን ሥሩ ውኃ ሳያገኝ ያልቃል። የፊከስ ሥር ከላይ ከላይ እየተሳበ የደረሰበትን ውኃ ሁሉ ይጠጣል። ባሕር ዛፍም እንደዚያው ነው፤ ፔታ ቲቅቫ እ.ኤ.አ. በ1878 በመንደርነት ከተቆረቆረች በኋላ ነዋሪዎቿ ረግረጉን ለማድረቅ የተከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእንዲህ ያለ ደረቅ ጥላ የሚዘልቁት ጥቂት ናቸው፤ አስፒዲስትራ፣ ክሊቪያ፣ ሩስኩስ፣ የሰሪቲ ዘመድ የሆኑት የአስፓራገስ ዓይነቶች። በክረምት ብርሃን በሚያገኘው የረጋፊ ዛፍ ሥር ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ለምልመው በሙቀቱ ወራት አፈር ውስጥ የሚተኙት አካንቱስና የዱር ራከፌት (ሳይክላመን) ይስማማሉ። ችግሩ ተክሎቹ ሲተኙ የሞቱ የሚመስለው አትክልተኛ በሐምሌ ቆፍሮ መጣሉ ነው።

ትክክለኛው ተክል በትክክለኛው ቦታ ከተተከለም በኋላ የሚገድለው አንድ ልማድ አለ፤ መደቡን ሁሉ በአንድ የውኃ መስመር ማጠጣት። የጠብታ መስኖ እ.ኤ.አ. በ1965 በኪቡጽ ሐጸሪም በተመሠረተው ኔታፊም ኩባንያ አማካይነት ዓለምን ያዳረሰ የእስራኤል ሥራ ነው፤ የተፈጠረውም ውኃ ለመቆጠብ ነበር። በብዙ የጋራ ግቢ ግን ቫአድ ባይት የሚባለው የነዋሪዎች ኮሚቴ የቀጠረው ሠራተኛ ሰዓት ቆጣሪውን አንዴ ይሞላና ላቬንደሩም ጥማተኛው ኦርቴንሲያም እኩል ይጠጣሉ። ላቬንደር በሙቅ አፈር ውስጥ እግሩ ሲርስ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ «ውኃ አነሰው» ይባልና ይጨመርለታል፤ በዚያው ይሞታል። መድኃኒቱ ተክሎችን በጥማታቸው መድቦ የየራሳቸውን መስመር መዘርጋት፣ ጠንካሮቹን በረጅም ጊዜ አንዴ በጥልቀት ማጠጣት፣ አፈሩንም ግንዱን በማይነካ ጉዝጓዝ መሸፈን ነው።

የወቅት አበባ ደጋፊዎች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው ውኃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በድርቁ ምክንያት ሣር ማጠጣት እስኪገደብ ተደርሶ የነበረ ቢሆንም፣ እንደ ሶሬቅ ያሉ የባሕር ውኃ ማጣሪያዎች ከተሠሩ ወዲህ ያ ጭንቀት አልፏል ይላሉ። የተጣራ የባሕር ውኃ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላ ውኃ ነው፤ በየአራት ወሩ ለሚነቀል አበባ ማፍሰሱን ብዛቱ ትክክል አያደርገውም። ሁለተኛው መከራከሪያ ቀለም ነው፤ ይህኛው እውነትነት አለው። ቋሚ መደብ በነሐሴ ደብዘዝ ይላል፤ ያን ጊዜ ቅጠል ሳይኖረው፣ ያለ ውኃ፣ ረጅም ነጭ አበባውን የሚያቆመው ሓጻቭ የሚባለው የዱር ተክል ብቻውን አደባባይ አያደምቅም። የአደባባይ መሐል ለወቅት አበባ ይተው ቢባል እንኳ፣ የመኖሪያ ግቢ ሁሉ አደባባይ እንዲመስል የሚያስገድድ ነገር የለም።

በየሰባት ዓመቱ የሚመጣው የሽሚጣ ዓመት ይህን ክርክር በተግባር ይፈታዋል። በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ በዚያ ዓመት ስለማይተከል፣ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አስቀድመው የወቅት አበባውን ቦታ በቋሚ ተክል ይሸፍናሉ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 በነበረው ሽሚጣም እንዲሁ ተደርጓል፤ ከተሞቹም አልጠወለጉም። የሚያስገርመው፣ የጊዜ ገደቡ በመስከረም አካባቢ የሚውለው የዕብራውያን አዲስ ዓመት ስለሆነ፣ ጥድፊያው ለተከላ እጅግ በማይመቹት በሐምሌና በነሐሴ መውደቁ ነው። ቀጣዩ ሽሚጣ የሚገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2028 ነው። ለእሱ የሚዘጋጅ መደብ መተከል ያለበት ከሱ በፊት ባለው የዝናብ ወቅት መግቢያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2027 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ተክሉ ወደ ሽሚጣው የሚገባው አንድ ሙሉ ክረምት ሥር ሰድዶ፣ አንድ ነሐሴም ተፈትኖ ነው።