ፋክቶሪያል ማንን ያስጨንቃል?

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፕሮግራሚንግ ሲጀምር የሚሰጠው ምንድን ነው? የ5ን ፋክቶሪያል አስላ። ከ1 እስከ 100 ደምር። በኮከብ ምልክት ሦስት ማዕዘን ሥራ። ፈተናው ደግሞ በወረቀት፤ ሲ ፕላስ ፕላስ በእስክሪብቶ! ሴሚኮለን የረሳ ነጥብ ይቀነስበታል። ብዙው ሲወድቅ "ኮዲንግ ለሁሉም አይሆንም" ይባላል።

የማይሆነው ኮዲንጉ ነው ወይስ አሰጣጡ?

አሜሪካ፣ አትላንታ ያለው ጆርጂያ ቴክ ይህን ጥያቄ ተገዶ መልሶታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተማሪው ሁሉ፣ የአርክቴክቸሩም የማኔጅመንቱም ሳይቀር፣ ኮምፒውቲንግ እንዲወስድ አዘዘ። ከእነዚህ ዲፓርትመንቶች የሚያልፈው ከግማሽ በታች ሆነ። በ2003 ፕሮፌሰር ማርክ ጉዝዲያል "ሚዲያ ኮምፒውቴሽን" የሚባል ሌላ ኮርስ አመጡ። ሉፕና ኢፍ አልቀሩም፤ የሚሠራባቸው ነገር ግን ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ሆነ። ተማሪው የሠራውን ኮላዥ ሁሉም በሚያየው ገጽ ይለጥፋል፤ ጓደኛው አይቶ እንዴት እንደሠራው ይጠይቀዋል። የሚያልፈው ወደ 85 በመቶ ወጣ።

ምስጢር የለውም። 640 በ480 የሆነች ትንሽ ፎቶ 307,200 ፒክስል አላት። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከ0 እስከ 255። "ቀዩን በግማሽ ቀንስ" የተባለ ተማሪ ሉፕ ለምን እንደተፈጠረ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። 307,200 ጊዜ በእጁ ሊቀይር ነው? ሲሳሳትም ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ይስቃል፣ ያርማል። ፋክቶሪያሉ ላይ ግን በ120 ፋንታ 24 ቢወጣ ስክሪኑ ምንም አይናገርም።

"ግሩፕ ወርክ እዚህ አገር አይሠራም፤ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስም ያስገባሉ" የሚል መምህር ሞልቷል። ሐሰት አይደለም። አንድ ለአምስትን ያየ ሰው ግሩፕ ሲባል ቢያንገሸግሸው አይፈረድበትም። ግን አንዲት ፋክቶሪያል ለአምስት ሰው ተሰጥታ ምን ይጠበቃል? የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ሲሆን አንዱ ድምፁን ይቆርጣል፣ አንዷ የምስሉን ጀርባ ትቀይራለች፣ ሌላው ያገጣጥማል። ነጥብ ሲሰጥ መምህሩ ጓደኛው ከሠራው ክፍል አንድ መስመር ይጠቁምና "ይህ ቢጠፋ ምን ይሆናል?" ብሎ ይጠይቅ። ስም ብቻ ያስገባው እዚያ ይያዛል። በእርግጥ ይህ ወረቀት ከማረም ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋናው ተቃውሞም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ጉዝዲያል ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ተማሪዎቹ ኮርሱን መጨረሳቸው እንጂ የበለጠ መማራቸው እንዳልተረጋገጠ ጽፈዋል። "በሉ፣ ጨዋታ ነው ማለት ነው" ለሚል፦ በሁለተኛው ሳምንት ዊዝድሮው የሞላችው ልጅስ ምን ያህል ተማረች?

የኮምፒውተር እጥረት ሰበብ አይሆንም። አንድ ማሽን ለሦስት ከደረሰ ሦስቱ አንድ ፊልም ይሥሩበት፤ ፓይተን ነፃ ነው፣ ትንሽ ፎቶ አሮጌ ኮምፒውተርም አይከብደውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያው አሳይመንት የተማሪው የራሱ ፎቶ ይሁን፤ ፋክቶሪያል ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይድረስ።