የድሮው ሸክላ ይታደስ እንጂ አይለወጥ

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚለው የአባቶቻችን ተረት በብዙ ነገራችን ላይ ይሠራል፤ በሙዚቃችን ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሠራ ይመስለኛል። በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ዘፈን መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እናንተም ጓደኞቼ፣ ጥቂት ታግሣችሁ ብታነቡልኝ ጉዳዩ ከዘፈን አልፎ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ንብረት የሚነካ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

በውጭ አገር አንድ የታወቀ የሙዚቃ ሸክላ 40 ወይም 50 ዓመት ሲሞላው በዐዲስ መልክ ተዘጋጅቶ ማሳተም የተለመደ ሆኗል። ለምሳሌ ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ጓድ በ1969 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ 40 ዓመት ሲሞላው ስቲቨን ዊልሰን የተባለ ሙዚቀኛ ከጓዱ መሪ ከሮበርት ፍሪፕ ጋር ሆኖ በ2009 እንደ ገና ቀላቅሎ አወጣው። 50 ዓመት ሲሞላውም በ2019 ሌላ እትም ተጨመረለት። ይህ ሥራ የተቻለው ሙዚቃው መጀመሪያ የተቀረጸበት ባለ 8 መስመር ቴፕ ተጠብቆ ስለ ቈየ ነው። በእንዲህ ያለው ቴፕ ላይ የመሣሪያዎቹና የዘፋኙ ድምፅ በየመስመሩ ተለያይቶ ስለሚገኝ ባለሙያው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረገ ዐዲስ ቅልቅል ሊያወጣ ይችላል።

በዚያው በ1969 በእኛም አገር ትልቅ ነገር ተደርጓል። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ ዐምሓ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። ዐምሓ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አውጥቷል። ከዚያ በኋላ አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሸክላዎቹም ከገበያ ጠፉ። እንደ ገና ለዓለም የተሰሙት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚል ስም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ባሳተማቸው ጊዜ ነው። ተከታታዩ በ2017 30ኛው ላይ ደርሷል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የቀረበበት 4ኛው ቅጽ በተለይ ታውቆ፣ በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው ፊልም ውስጥ የሙላቱ ሥራዎች ስለ ገቡ ስሙ በየአገሩ ተሰማ። ወርቁ የእኛ ሲሆን ወርቅነቱን የነገረን ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሙዚቃ ማደስ ሲባል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉና መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማጽዳት ነው፤ ሪማስተር የሚሉት ይህንን ነው። የተቀዳውን ድምፅ ሳይነካኩ ጭረቱንና ጕርምርምታውን ቀንሶ በደኅና ቅጂ ማውጣት ማለት ነው። ሁለተኛው መቀላቀል ወይም ሪሚክስ ነው፤ ይህም ከላይ እንዳልሁት መስመሮቹ ተለያይተው በተቀመጡበት ቴፕ ላይ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው እንደ ገና መዝፈን ነው፤ የድሮውን ዘፈን ዐዲስ ዘፋኝ በዐዲስ መሣሪያ ይጫወተዋል። በአገራችን ሪሚክስ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ዘፋኙና ሙዚቀኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሆነው በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ስለ ነበር፣ አንዴ የተቀላቀለውን ድምፅ መለየት ከወጥ ውስጥ ጨውን መልሶ እንደ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ ሸክላዎቻችን የሚሆነው እድሳት ማጽዳቱ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፦ «የድሮው ቅጂ ይንኰሻኰሻል፤ የዛሬ ወጣት አይሰማውም፤ ስለዚህ ኪቦርድና የዛሬ ምት ቢጨመርበት ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ ያልተሰማ ዘፈን እንደ ሞተ ይቈጠራልና። እንደ ገና መዝፈንም ነውር የለበትም። ግርማ በየነ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ጓድ ጋር በ2017 የድሮ ዘፈኖቹን ዳግመኛ ሲዘፍን ሥራው ዐዲስ ቀረጻ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ ነው የወጣው። ዐዲሱ የአሮጌውን ስም ለብሶ፣ አሮጌውን አስወጥቶ ሲቀመጥ ግን ጥፋት ይሆናል።

ይህን በተለይ እኛ የወሎ ልጆች ልናስብበት ይገባል። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ማለት ባቲና አምባሰል፣ የተሰየሙት በእኛው በወሎ ቦታዎች ስም ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ቅኝቱን የሚያወጣው ጆሮው እንደ መራው ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ነው። ኪቦርድ ግን ድምፁ በፋብሪካ የተከፈለ ስለሆነ በሁለት ቍልፍ መካከል ያለችውን ቀጭን ድምፅ አያውቃትም። በማሲንቆው ላይ ኪቦርድ ሲደረብበት የሚሰወረው ያ ነው። ማጽዳቱም ቢሆን ልክ ካላገኘ ይጐዳል፤ የደጋኑ ፍትጊያ ከሸክላው ጭረት ጋር ይመሳሰላልና መሣሪያው ሁለቱን አብሮ ይጠርጋቸዋል። የድምፁን ከፍታ ሁሉ አንድ ልክ አድርጎ ማስጮህም የዘፋኙን ዝቅታና ጩኸት ያስተካክልና እንጉርጕሮውን ያደርቀዋል።

ስለዚህ በበኩሌ ሕጉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ፤ ማንም ሰው የድሮውን ሲያድስ ዋናውን ቅጂ ከዐዲሱ ጐን ያቅርብ፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተው። ሙላቱ በ1972 በኒውዮርክ የቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደ ገና ሲታተም የሞኖውና የስቴሪዮው ቅጂ በአንድነት የቀረበበት እትም ወጥቷል። መልካም ምሳሌ ነው። የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የጊታሩ፣ የሳክስፎኑና የከበሮው ተጫዋች ስምም ይጻፍ። አዋጅ ቍጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቈጣጠር ነው) ለተጫዋቹና ለአሳታሚው የሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ውለታ የሚጠብቀው የሰው ኅሊና ነው።

ነገር ግን ስለ ማሳመርና ስለ ማጽዳት የምንከራከረው ዋናው ቅጂ ሲኖር ነው። ዋናው ከጠፋ ምንም ያህል ብልኅ ባለሙያ ቢመጣ የሚያድሰው የለውም። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እንመልከት። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ተጫዋች የነበረ፣ በአሜሪካ የቀረና በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በ1985 አኮርዲዮን የተጫወተበት አንድ ካሴት ግን በባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ቈየ፤ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አገኘውና በ2013 ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 ዐዲስ አልበም አወጣ። አንድ ባለሱቅ ካሴቱን አሮጌ ነው ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

በአቀስታና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶችስ ስንት እንደዚህ ያለ ካሴት አለ? የሠርግ ዘፈን፣ የመንዙማ ድምፅ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አዝማሪዎች የተጫወቱት፣ የአያቶች ምርቃት ሁሉ በካሴት ተቀድቶ የቀረ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም። የካሴት ክር በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ዱቄት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጣበቃል፣ ዱቄቱም ይረግፋል። የደጋው ጭጋግና የምድጃው ጢስ አይራሩለትም። ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ይህን ሥራ እንዲይዘው አሳስባለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ደኅና ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ገመድ ነው። ካሴቱ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ሳይጸዳና ሳይቈረጥ ይቀዳ፤ የተጫዋቹ፣ የቦታውና የዘመኑ ስም ይመዝገብ፤ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ካሴቱም ለባለቤቱ ይመለስ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም እንዳይሰጥ። ማሳመሩን ከእኛ በኋላ የሚመጡ፣ ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ይሠሩታል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ አሮጌውን ካሴት ለሕፃናት መጫወቻ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስቡበት። ጓደኞቼም፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።